አናሳው ፓርቲ ከጤና ሕግ ሥራ ተገለለ የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

የሕግ ተማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካ ኮንግረስ የሕግ አወጣጥ በማዘጋጀው የጥናት ጽሑፍ ላይ ያስቸገረኝን አንድ ጉዳይ ለውይይት ላቀርብ ወደድሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድን ሕግ በማርች 2010 ሲጸድቅ ከሁለቱም ምክር ቤቶች አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በ2017 ሪፐብሊካኖች ይህንኑ ሕግ ለመሻር በተነሡ ጊዜ ደግሞ አንድም ዲሞክራት አብሯቸው አልቆመም። በሁለቱም ጊዜ በመቀመጫ ያነሰው ወገን ያሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ ረቂቁ በዝግ ተጻፈ፣ ማንም አላማከረንም፣ አንብበን ለመጨረስ እንኳ ጊዜ አልተሰጠንም የሚል። ባለ አብላጫው ወገንም በሁለቱም ጊዜ፣ ተጋብዘው ሳለ መሳተፍ ያልፈለጉት ራሳቸው ናቸው ሲል መልሷል።

በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ መገለልን ራስን ከማግለል የምንለይበት የተጨበጠ መለኪያ አለ ወይ? የመጨረሻውን የድምፅ ቆጠራ ማየት እንደማይበቃ ይገባኛል፤ በሁለቱም ጊዜ ከተቃራኒው ወገን የተገኘው ድምፅ ዜሮ ነውና። መገለሉ በሕጉ ይዘት ወይም ዕድሜ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ካለም የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

የምክር ቤት ተከታታይ

ውድ ጠያቂ፣ መለኪያ አለ ብዬ አምናለሁ፤ የሚገኘው ግን ድምፅ ከተሰጠበት ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት ከነበሩት ወራት ነው። ረቂቁ የተጻፈው የት ነው? አናሳው ወገን ጽሑፉን ያየው ድምፅ ከመስጠቱ ምን ያህል ቀደም ብሎ ነው? ያቀረበው ማሻሻያ ለውይይት ቀርቧል ወይስ በቁሙ ተጥሏል? ሕጉ ስንት እንደሚያስወጣና ስንት ሰው ያለ መድን እንደሚያስቀር የሚያሳየው የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ግምትስ በሰዓቱ ደርሷል? በእነዚህ ሲመዘኑ ሁለቱ ዓመታት በጣም ይራራቃሉ።

በ2009 የሴኔቱ የጤና ኮሚቴ ረቂቁን ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ 15 ድረስ በይፋ ሲመረምር ሪፐብሊካኖች ካቀረቧቸው ማሻሻያዎች ከ160 በላይ የሆኑትን ተቀብሏል። የፋይናንስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማክስ ባከስ በበኩላቸው ከሁለት የፓርቲያቸው ባልደረቦችና ከሦስት ሪፐብሊካኖች፣ ማለትም ከቻክ ግራስሊ፣ ከማይክ ኤንዚና ከኦሊምፒያ ስኖው ጋር ለወራት ተደራድረዋል፤ ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋታቸውም የገዛ ፓርቲያቸውን ሰዎች ትዕግሥት አስጨርሷል። ኮሚቴው ኦክቶበር 13 ቀን ረቂቁን በ14 ለ9 ሲያሳልፍ ከሪፐብሊካን ወገን የደገፉት ስኖው ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሴኔቱ በሙሉ ጉባኤ ለ25 ተከታታይ ቀናት ተሰብስቦ ዲሴምበር 24 ማለዳ በ60 ለ39 አጸደቀው። በዚህ ጊዜ አናሳው ወገን ባዶ እጁን አልነበረም፤ ሴናተር ቶም ኮበርን የበርኒ ሳንደርስ ባለ 767 ገጽ ማሻሻያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጉባኤው ፊት ይነበብ ብለው የጉባኤውን ሥራ ያስቆሙት በዚያው ወር ነው።

2017 ሌላ ታሪክ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ኮሚቴዎች የመሻሪያውን ረቂቅ በማርች መጀመሪያ ያሳለፉት የበጀት ቢሮው ግምት ሳይወጣ ነው፤ ምክር ቤቱም ሜይ 4 ቀን በ217 ለ213 ሲያጸድቀው የተሻሻለው ረቂቅ የመጨረሻ ግምት ገና አልደረሰም ነበር። ከ20 ቀን በኋላ የወጣው ግምት በ2026 መድን የሌላቸው ሰዎች ቁጥር በ23 ሚሊዮን እንደሚጨምር አመለከተ። ሴኔቱ ዘንድ ደግሞ ረቂቁን ያዘጋጀው በአብላጫው መሪ ሚች ማኮኔል የተሰየመ የ13 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ቡድን ሲሆን፣ ጽሑፉ ጁን 22 ይፋ እስከሆነበት ቀን ድረስ አንድም የኮሚቴ ምርመራ አልተካሄደበትም። በመጨረሻ ለድምፅ የቀረበው አጭሩ ረቂቅ ጁላይ 27 ማታ ለአባላት ታድሎ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣ በ49 ለ51 ወደቀ። በዚህ ሂደት ዲሞክራቶች ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ሪፐብሊካኖችም ከውጭ ቀርተዋል፤ ሴናተር ራንድ ፖል የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች የሚጽፉትን ረቂቅ ፍለጋ የማባዣ ማሽን አስገፍተው በካፒቶል ኮሪደሮች መዞራቸው ለታይታ የተደረገ ቢሆንም ሐሰት አልነበረም።

ከዳር ተመልካች

ከላይ የተጻፈው በመረጃ ደረጃ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ለ2009 ዲሞክራቶች ከሚገባው በላይ ቸር ሆኗል። ከ160 በላይ ማሻሻያዎች ተቀባይነት አገኙ ሲባል ብዛቱን እንጂ ክብደቱን አናይም፤ አብዛኞቹ የቃላት ማስተካከያና ቴክኒካዊ ጭማሪዎች ነበሩ። የሕጉ ምሰሶዎች፣ ማለትም መድን የመግዛት ግዴታው፣ የድጎማው አወቃቀርና የሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) መስፋፋት፣ ከሪፐብሊካን በኩል በመጣ ማሻሻያ አልተነቃነቁም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ የሴኔት ኮሚቴዎች ያወጧቸው ረቂቆች ወደ አንድ የተዋሃዱት በአብላጫው መሪ በሃሪ ሪድ ጽሕፈት ቤት፣ በዝግ ነው። ኮሚቴው በይፋ የሠራውን አንድ ጽሕፈት ቤት በዝግ መልሶ ከጻፈው፣ ለይፋው ሥራ ነጥብ መስጠት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የመጣውም መዘንጋት የለበትም። ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን በማሳቹሴትስ የኤድዋርድ ኬኔዲን መቀመጫ ሲያሸንፉ ዲሞክራቶች ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገውን 60ኛ ድምፅ አጡ። ምርጫው የተካሄደው ሴኔቱ ረቂቁን ካጸደቀ በኋላ ስለሆነ ከሪፐብሊካኖች ጋር እንደገና ለመቀመጥ ምክንያት ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት የሴኔቱን ጽሑፍ አንድ ቃል ሳይለውጥ ማርች 21 በ219 ለ212 ተቀበለ፣ ማስተካከያዎቹም 60 ድምፅ በማይጠይቀው የበጀት ማስታረቂያ ሥርዓት ለብቻቸው አለፉ። በፌብሩዋሪ 25 በብሌር ሃውስ የተደረገውና በቴሌቪዥን የተላለፈው የሁለቱ ፓርቲዎች ውይይት በእኔ ግምት በአብዛኛው ለይስሙላ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች የመጡት ለካሜራው ለመናገር እንጂ ለመደራደር አልነበረም።

ይህን ስል ሪፐብሊካኖችን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ማኮኔል ራሳቸው በኋላ በግልጽ እንደተናገሩት፣ የፓርቲያቸው ሰዎች አንድ ሆነው ከሕጉ መራቃቸው የታሰበበት ስልት ነበር፤ ሕጉ የሁለቱም ፓርቲዎች ነው ከተባለ ሕዝቡ ደህና ነገር ነው ብሎ ይቀበለዋል በሚል ስሌት። ስለዚህ «መገለል» እና «ራስን ማግለል» በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሕግ ላይ፣ በአንድ ፓርቲ ሊፈጸሙ ይችላሉ። ጠያቂው ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ መፈለጋቸው ይመስለኛል ችግሩን የፈጠረው።

ለንጽጽር የ2003ን የሜዲኬር (መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) የመድኃኒት ሽፋን ሕግ ልጨምር። በዚያ ጊዜ አብላጫው የሪፐብሊካኖች ሲሆን፣ የሁለቱን ምክር ቤቶች ረቂቆች የሚያስታርቀው የጋራ ኮሚቴ ዲሞክራት አባላት በደንቡ መሠረት ተሰይመው ሳለ ወደ እውነተኛው ድርድር የገቡት ባከስና ጆን ብሮ ብቻ ነበሩ። የሴኔቱ ዲሞክራቶች መሪ ቶም ዳሽል እንኳ የኮሚቴው አባል ሆነው ከውጭ ቀሩ። በተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠው ድምፅም ኖቬምበር 22 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ፣ በተለመደው 15 ደቂቃ መዘጋት ሲገባው ለሦስት ሰዓት ያህል ክፍት ሆኖ ቆየ፤ በዚያ መሐል የተሸነፈው ረቂቅ በ220 ለ215 አሸነፈ። ግልጽ የሆነ መገለል ይሉሃል ይህ ነው፤ የሚገርመው ግን 16 ዲሞክራቶች ደግፈውታል።

የደንብ ሰው

ሁለታችሁም የሰዎችን ባሕርይ ስትመረምሩ ደንቡን ዘለላችሁት። የተወካዮች ምክር ቤት የደንብ ኮሚቴ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ 9 የአብላጫው ወገንና 4 የአናሳው ወገን አባላት ያሉት ነው፤ አናሳው ፓርቲ በጠቅላላው ምክር ቤት 49 ከመቶ መቀመጫ ቢይዝም በዚያ ክፍል ያለው ድርሻ ከሲሶ አይበልጥም። ያ ኮሚቴ የትኛው ማሻሻያ ለድምፅ እንደሚቀርብ ይወስናል። የ2009ኙ የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ሲቀርብ የተፈቀዱት ማሻሻያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ስለ ውርጃ የቀረበው የስቱፓክ ማሻሻያ፣ ሌላው የሪፐብሊካኖች ምትክ ረቂቅ። በዚህ ቤት አናሳ መሆን ማለት አስቀድሞም ከውጭ መሆን ነው፣ ፓርቲው የትኛውም ይሁን።

በሴኔት ግን አናሳው ወገን ኃይል የሚያገኘው ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ያንን ኃይል የሚያሳጣው ደግሞ በ1974 የበጀት ሕግ የተፈጠረው የማስታረቂያ ሥርዓት ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ረቂቅ ክርክሩ በ20 ሰዓት የተወሰነ ሲሆን በተራ አብላጫ ያልፋል። ዋጋው፣ የበርድ ደንብ በሚባለው መሠረት፣ ከበጀት ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የሌለው ድንጋጌ ሁሉ በሴኔቱ የሥነ ሥርዓት አማካሪ ሚዛን ተመዝኖ መውደቁ ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሊሄድ ሲወስን የጤና ፖሊሲውን በገንዘብ ቋንቋ ብቻ ለመጻፍ ይገደዳል፤ ድጎማ መጨመርና መቀነስ፣ መድን ባለመግዛት የሚጣለውን ቅጣት ዜሮ ማድረግ፣ የሜዲኬይድን ወጪ ማጠር ይቻለዋል፤ የመድን ኩባንያዎችን አሠራር በዝርዝር ማስተካከል ግን አይችልም። የ2017ቱ ሙከራ ከውስጥ የተሰነጠቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

መንገዱ አሁን የተለመደ ሆኗል። በኦገስት 2022 ሜዲኬር በተወሰኑ መድኃኒቶች ዋጋ ላይ እንዲደራደር የፈቀደው ሕግ በምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ድምፅ 51 ለ50 አለፈ። በጁላይ 2025 በሜዲኬይድ ላይ ከፍተኛ ቅነሳ ያደረገው ሕግም በምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስ ድምፅ እንዲሁ 51 ለ50 አለፈ። ፓርቲዎቹ ተቀያየሩ እንጂ ቁጥሩ ያው ነው።

የሕግ ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ከሁለቱ አንዱን መምረጥ» የተባለውን ነቀፌታ ተቀብዬ ጥያቄዬን ወደ ሁለተኛው ክፍል ላዙረው። እነዚህ ሕጎች በአንድ ወገን ብቻ መጻፋቸው በጽሑፋቸው ላይ የተወው የሚታይ ጉዳት አለ ወይ? ወይስ ጉዳዩ የፓርቲዎች ኩርፊያ ብቻ ነው?

የፍርድ ቤት አንባቢ

ጉዳቱ ጽሑፉ ላይ ይታያል፤ ምስክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች የተለያየ ረቂቅ ሲያጸድቁ በተለመደው አሠራር የጋራ ኮሚቴ ተቀምጦ ጽሑፉን ያስታርቃል፣ ያርማል፣ እርስ በርስ የሚጋጩትን አንቀጾች ያስማማል። በ2010 ዲሞክራቶች 60ኛውን ድምፅ ስላጡ የታረመ ጽሑፍ ወደ ሴኔት መመለስ አልቻሉም፤ የመጨረሻ ማጣሪያ ያልተደረገበት የሴኔት ረቂቅ እንዳለ ሕግ ሆነ። ከስሕተቶቹ አንዱ ድጎማው የሚሰጠው «በክፍለ ግዛቱ በተቋቋመ» የመድን ገበያ ለገዛ ሰው እንደሆነ የሚናገረው ሐረግ ነው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ገበያ ሳያቋቁሙ ቀርተው ሥራውን ለፌዴራል መንግሥት ስለተዉት፣ ሐረጉ እንደ ቃሉ ቢተረጎም በእነዚያ ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ ሚሊዮኖች ድጎማቸውን ያጡ ነበር። ክርክሩ ኪንግ የተባሉ ግለሰብ የጤና ሚኒስትሯን በርዌልን በከሰሱበት መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2015 በ6 ለ3 ለሕጉ ተፈረደ። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ በጻፉት ፍርድ ውስጥ የሕጉ ቁልፍ ክፍሎች በተለመደው ሥርዓት ሳይሆን በዝግ መጻፋቸውንና በአጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ የጎደለባቸው ቦታዎች ጥቂት አለመሆናቸውን በግልጽ አስፍረዋል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ስሕተቱ መፈጠሩን ብቻ ሳይሆን አለመታረሙን ነው። ትልልቅ ሕጎች ሲወጡ ስሕተት አያጡም፤ በሌላ ጊዜ ኮንግረስ አጭር የማረሚያ ሕግ አውጥቶ ያስተካክላቸዋል። ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ የተወካዮች ምክር ቤትን የያዙት ሪፐብሊካኖች ግን አንድ ሐረግ ማረም ሕጉን እንደመቀበል ይቆጠርብናል ብለው ስለፈሩ፣ አምስት ቃላት ያልፈጀ እርማት አምስት ዓመት ፈጅቶ በዳኞች ትርጓሜ ተደፈነ። ከአናሳው ወገን «ይህ የእኔም ሕግ ነው» የሚል አንድም ሰው ባለመኖሩ የተከፈለ ዋጋ ይህ ነው።

ከ1965ቱ የሜዲኬር ሕግ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ዲሞክራቶች በሁለቱም ምክር ቤቶች ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰ መቀመጫ ስለነበራቸው ሪፐብሊካኖችን ሳያስፈልጓቸው ማሳለፍ ይችሉ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ የበጀት ገቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዊልበር ሚልስ ግን የሪፐብሊካኑ ጆን በርንስ ያቀረቡትን በፈቃደኝነት የሚገባበት የሐኪም ክፍያ መድን ወስደው ከመንግሥት የሆስፒታል መድን ዕቅድ ጋር በአንድ ረቂቅ አዋሐዱት፤ ዛሬ የሜዲኬር ክፍል ቢ የሚባለው የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው። በመጨረሻው ድምፅ 70 የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖችና 13 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደገፉት። ለጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ የአናሳው ወገን ሐሳብ በጸደቀው ጽሑፍ ውስጥ ተለይቶ የሚታይ ክፍል ሆኗል ወይስ አልሆነም?

ከዳር ተመልካች

የክፍል ቢን ምሳሌ እቀበላለሁ፤ ከዚህ ተነሥቶ የሁለት ፓርቲ ሕግ ዕድሜው ይረዝማል ወደሚለው ሐሳብ መሻገር ግን አይቻልም። የ1988ቱ የሜዲኬር ከባድ ሕመም ሽፋን ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ328 ለ72፣ በሴኔት በ86 ለ11 አልፎ ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙበት ነው። ወጪውን አረጋውያኑ ራሳቸው እንዲሸፍኑ ስላደረገ ቁጣ ተነሣ፤ በቺካጎ የተቆጡ አረጋውያን የኮሚቴ ሰብሳቢውን የዳን ሮስተንካውስኪን መኪና ከበቡ፤ ሕጉም ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ተሻረ። በሌላ በኩል በ2003 ዲሞክራቶችን አስወጥቶ የተጻፈውን የመድኃኒት ሽፋን፣ ዲሞክራቶች በ2007 አብላጫውን ሲይዙ አልሻሩትም፤ ይባስ ብለው በ2010 ሽፋኑ መሐል ላይ የሚቋረጥበትን ክፍተት መዝጋት ጀመሩ። ኦባማኬርም ከ2017ቱ ዘመቻ የተረፈው በሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ በኮሊንስ፣ በመርካውስኪና በመኬይን ድምፅ ነው። ሕግን የሚያኖረው በጸደቀበት ዕለት ማን ደገፈው የሚለው ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ጥቅሙ የደረሰው ሰው ብዛትና ክፍያው የወደቀበት ሰው ማንነት ይመስለኛል።

የደንብ ሰው

በዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ ልጨምር፤ ጊዜ የተቆረጠለት ድንጋጌ። በአንድ ፓርቲ ድምፅ በማስታረቂያ ሥርዓት የሚወጣ ሕግ የወጪ ጣሪያ ስለሚያጥረው፣ ብዙ ጊዜ ጥቅሙን ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ይሰጣል። በ2021 ዲሞክራቶች ብቻቸውን ያሰፉት የኦባማኬር ድጎማ መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ነበር፤ በ2022ቱ ሕግ እስከ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። እንዲህ ያለ ጥቅም ተጠቃሚው ቢበዛም ለመጥፋት ማንም እንዲሽረው አያስፈልገውም፤ ዝም ከተባለ ራሱ ያልፋል። ቀኑ ሲደርስ አናሳ የሆኑት ዲሞክራቶች ነበሩ። ስለዚህም 60 ድምፅ ወደሚጠይቅ አንድ በር፣ ወደ ዓመታዊው የወጪ ሕግ ሄዱ፤ ድጎማው ካልተራዘመ አንደግፍም አሉ፣ መንግሥትም ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለ43 ቀናት ተዘጋ። ኖቬምበር 12 የተከፈተው ከዲሞክራቶች ጋር ከሚሰለፉት ሴናተሮች ስምንቱ ከሪፐብሊካኖች ጋር ድምፅ ሰጥተው ሲሆን፣ በድጎማው ጉዳይ በምላሹ ያገኙት በዲሴምበር ድምፅ እንደሚሰጥበት የተገባላቸውን ቃል ብቻ ነው።